አንድ ታሪክ ለሁለት ሞክሼ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የበላቸው ወንበር አልዘረጋ አለ። በላቸው እንደ ወትሮው ጫማውን አውልቆ፣ የግራ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ። በግራና በቀኝ ያሉት የኩላሊት ሕመምተኞች ተንጋለው ደማቸው በቀጫጭን ቱቦዎች እየተመላለሰ ይታጠባል። ሚስቱ የሺመቤት መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ነርሷን ጠራች። ነርሷ መጥታ የወንበሩን መደገፊያ በመዳፏ ነካ አደረገችና ጥቂት ጠበቀች።

«አልተበላሸም፣ እትዬ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ታሪካችሁ ወርዶ ነው።»

«የማን ታሪክ?»

«የእርስዎ ይመስለኛል። ባልና ሚስት የሚታዩት አንድ ላይ ነው፤ አሁን አጋማሽ ይላል። እንግዲህ ለጋሼ የሚፈቀድላቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ ይምጡ።»

በላቸው ጫማውን መልሶ አጠለቀና ተነሳ። ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ሲቀመጥበት ወንበሩ ወዲያው ተዘረጋ።

ነገሩ ድሮ «የብድር ታሪክ» ይባል እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በዚያ ዘመን ጥቂት ነበሩ። ያኔ የሚጠይቀው ባንክ ብቻ ነበር ይላሉ። ኋላ አከራይ ጠየቀ፣ አሠሪ ጠየቀ፣ ትምህርት ቤት ጠየቀ፣ ሐኪም ቤት ጠየቀ፣ በመጨረሻም ዕድር ጠየቀ። «ብድር» የሚለው ቃል በጊዜ ብዛት ወድቆ «ታሪክ» ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ አጋማሽ፣ ወይ ባዶ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ከልጁ ዘር ማንዘር በፊት የሚያስረዳው ታሪኩን ነው። በሰፈር አዲስ ተከራይ ሲገባ «ምንድን ናቸው?» ይባባላል ጎረቤቱ፤ የሚጠያየቁት ስለ ብሔራቸው ወይም ስለ ሃይማኖታቸው አይደለም።

የሺመቤት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። «ከሰው እጅ ክር ተበድሬ አላውቅም» ማለት ትወዳለች፤ እውነቷንም ነው። በላቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ቁልፍ ካስረከቡት የመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ እሱ ነው። ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ነገር ቢኖር ሙሉነታቸው ነበር፤ ከእሱም የተነሳ የሺመቤት ታሪኳን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ሙሉ የሆነ ሰው ለምን ብሎ ያያል?

ማየቱ ግን ነጻ ነበር። ማንኛውም ዜጋ በተወለደበት ወር፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያለ ምንም ክፍያ የራሱን ታሪክ የማየት መብት አለው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ የሺመቤትም የኅዳር ልጅ ናት። ያንን እንደ ዕድል ቆጠረችው።

በማግሥቱ ነጠላዋን ደርባ ወደ ታሪክ ማዕከል ሄደች። ሰልፉ የበዓል ዋዜማ ይመስላል። መሣሪያው መልክ አይቶ ይፈርዳል የሚል ወሬ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ያለውን ደህና ልብስ ለብሷል፤ ወንዶቹ ተላጭተዋል፣ ሴቶቹ ተሠርተዋል። ከፊቷ የቆመች ሴት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች። ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል «ማየት ነጻ ነው» የሚል ተጽፏል። መውጫው በጓሮ በኩል ስለነበር ሰልፈኛው አይተው የሚወጡትን ሰዎች ፊት አያይም።

ወረፋዋ ደርሶ ወደ ጠባቧ ክፍል ስትገባ ወንበር ላይ አስቀመጧትና በሩን ዘጉባት። ዜና እንደምታነብ ሴት የረጋ ድምፅ ከግድግዳው ወጣ።

«የሺመቤት ታምሩ ወልዴ። የሥራ ታሪክ፣ ሆቴል፣ ያልተቋረጠ። የዕድር መዋጮ፣ ያልተቋረጠ። የዶሮ እርባታ ብድር፣ ደብረ ብርሃን፣ ያልተመለሰ። የቤት ኪራይ ውል፣ ደብረ ብርሃን፣ የፈረሰ። ልጅ፣ ፍሬገነት፣ ዕድሜ ስድስት፣ ከሕፃናት ማቆያ ለእናቷ የተመለሰች።»

የሺመቤትን መጀመሪያ ያስደነገጣት የዶሮው ነገር አልነበረም። ልጅ የሚለው ነበር። በወጣትነቷ ያልተሳለችበት ደብር፣ ያልጠጣችው መድኃኒት አልነበረም፤ አሁን በገዛ ስሟ ሥር የልጅ ስም ከእነ ዕድሜው እንደ ዋዛ ሲነበብ ሰማች። «እስቲ ድገሚው» አለች፣ ድምፁ ሰው ይመስል። ድምፁም ደገመላት።

በጓሮ በኩል ካለው መውጫ አጠገብ ቅሬታ ሰሚው ተቀምጧል። ዮናታን የሚባል፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ንግግሩ ግን ትሕትና ያለው ወጣት ነበር። ታሪኳን ገልጦ ጥቂት እንዳየ ነገሩ ገባው።

«ሁለት ሰው ናችሁ፣ እናቴ» አላት። «የእርስዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም ከሌላ ሴት ጋር ገጥሟል። በመስከረም መዝገቦቹ ሲጠቃለሉ እንደ አንድ ሰው ተያዛችሁ፤ ሐኪም ቤቱ ጋ የደረሰው ገና አሁን ነው። እሷ ባዶ ነበረች፣ እርስዎ ሙሉ። አንድ ላይ ስትሆኑ አጋማሽ።»

«ታዲያ አሁን አወቃችሁት አይደል? ለዩና!»

«እኔ መለየት አልችልም። ሁለታችሁም አብራችሁ ቀርባችሁ፣ አሻራ ሰጥታችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ‹እኔ እሷ አይደለሁም› ብላችሁ ስትናገሩ ነው የሚለየው። አለዚያ በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ።»

«በጽሑፍስ መቼ ይደርሳል?»

«መልሱን የሚያዩት በሚቀጥለው ነጻ ቀንዎ ነው። የዛሬ ዓመት፣ ኅዳር።»

«ባለቤቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ነው፣ ልጄ። ዓመት አይቆይልኝም።»

ዮናታን እስኪርቢቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። «አድራሻዋ ታሪክዎ ውስጥ አለ» አለ በመጨረሻ። «የሌላ ሰው ቢሆን አልነግርዎትም ነበር። በሕግ ግን የእርስዎ ታሪክ ነው፤ ማየት መብትዎ ነው።»

አድራሻውን ጽፎ ሲሰጣት ተቀብላ ተነሳች፤ ግን አልሄደችም።

«ስንለያይ እሷ ምን ትሆናለች?»

«ወደነበረችበት ትመለሳለች።»

«ባዶ?»

«ባዶ» አለ ዮናታን፣ ዓይኑን ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ እያዞረ።

ቅዳሜ በላቸው ታጠበ። አንዱ ቀን ግን የሦስቱን ሥራ አይሠራም። ሰኞ እግሮቹ አብጠው ጫማ አልገባ አላቸው፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው የሺመቤት ትራስ ደራርባ ተቀምጦ እንዲተኛ አደረገችው። «ግድ የለም የሺ፣ ቁጭ ብሎ መተኛት ለሾፌር ብርቁ አይደለም» እያለ ሊያስቃት ይሞክር ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐኪሟ የሺመቤትን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ፣ በዚህ ሁኔታ ብዙ እንደማይገፋ ነገረቻት።

በዚያው ቀን የሺመቤት ስለ ሞክሼዋ ለበላቸው አጫወተችው። በላቸው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት።

«ሂጂ» አላት። «ግን ሴትዮዋን አታስጨንቂያት። እሷም እንደኛው ናት፤ ምን አጠፋች?»

ደብረ ብርሃን ስትወርድ ብርዱ ጆሮዋን ቆረጠው። መንገዱን ሁሉ ከአጋማሾቹ ጋር በአውቶቡሱ ጀርባ ቆማ ነው የመጣችው፤ ቆማ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደቆመች የምትናገረውን ስታሰናዳ መጣች። ሁሉንም እውነቱን እነግራታለሁ፤ እምቢ ካለችኝ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፤ ያለኝን ሁሉ እሰጣታለሁ፤ ሰው ናት፣ ትራራልኛለች። እንዲህ እያለች ነው ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ሰፈር የደረሰችው።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገረችም። «የሺመቤት ታምሩ የምትባል ሴት ፈልጌ ነበር» ስትል አንዲት ጎረቤት ፊቷ ፈካ።

«የሺዬን? ምሕረት የወረደላትን?» አለችና እስከ ደጃፉ አደረሰቻት።

በሩን የከፈተችው ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ ያለባት ሴት። ፋብሪካው ውስጥ ሱፍ ለቀማ ነው ሥራዋ። ከኋላዋ አንዲት ሕፃን ቀሚሷን ጨብጣ ቆማለች። የሕፃኗ ራስ ተላጭቶ ፀጉሯ ገና ብቅ ብቅ ማለቱ ነበር።

«ማን ልበል?»

«የሺመቤት ታምሩ።»

«አቤት፣ እኔው ነኝ።»

«አይ፣ እኔም የሺመቤት ታምሩ ነኝ። አያቴም ወልዴ ነው።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ይዛ ጥቂት አየቻትና ሳቋ አመለጣት። «ውይ በማርያም! ሞክሼዬ! ደግሞ እስከ አያት! ይግቡ እንጂ፣ ብርዱ ይገድልዎታል።»

ቤቷ አንዲት ክፍል ነበረች። ሞክሼዋ አልጋው ላይ አስቀምጣት፣ በሶ በጥብጣ ከዳቦ ጋር አቀረበችላት። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሕፃኗ ቀሚሷን አለቀቀችም፤ እናትየዋ ወደ ምድጃው ስትሄድ ትከተላለች፣ ስትመለስ አብራ ትመለሳለች። እናትየዋም ለምዳዋለች መሰል፣ እንዳትረግጣት እርምጃዋን እያሳጠረች ነው የምትሄደው።

«ሞክሼ ከሆንን አንቺ ልበልሽ መሰለኝ። ቅር ይልሻል?»

«በይኝ» አለች የሺመቤት።

ጨዋታው ራሱ መጣ። ባሏ በእሷ ስም ለዶሮ እርባታ ተበደረ። ዶሮዎቹን በሽታ ፈጃቸው። ባሏ አንድ ቀን ለሥራ እንደወጣ በዚያው ቀረ። ብድሩም፣ የቤቱም ኪራይ በእሷ ላይ ወደቀና ባዶ ሆነች።

«ባዶ ቤት ደግሞ ልጅ አያሳድግም፤ ታውቂው የለ?» አለች ሞክሼዋ። «በመኪና መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከረሜላ ሰጧት፤ እየላሰች ነው የገባችው። ከተወሰደች ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ በመስከረም፣ ጠሩኝ። ‹አጋማሽ ሆነሻል፣ ልጅሽን ውሰጂ› አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። የሰው እጅ የለበትም፣ ሞክሼዬ። ማን ሰው እንዲህ ያደርግልኛል?»

«ታሪክሽን አላየሽውም? ማየት እኮ ነጻ ነው።»

«የሚያዝያ ልጅ ነኝ፤ ገና ነኝ። ቢሆንም አላይም። እግዜር የሠራውን ከፍቼ ምን ልፈልግ?»

ይህን ስትል ሕፃኗ ከእንግዳዋ ፊት ከተቀመጠው ዳቦ ቁራሽ አነሳች። አልበላችውም። ፍራሹን በአንድ እጇ ቀና አድርጋ ከሥሩ አስገባችው፤ ከሥሩ ሌሎችም የደረቁ ቁራሾች ነበሩ። ከዚያ የሺመቤትን ትክ ብላ አየቻት።

«ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?»

«ኧረ አይደለም፣ ፍሬዬ! እንግዳችን ናት፣ የእናትሽ ሞክሼ ናት» አለችና እናትየዋ ራሷን ሳመቻት።

የሺመቤት በሶውን ይዛ ቀረች። በመንገድ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ቃል በቃል ትዝ ይላታል፤ ግን አንዱም ከአፏ አልወጣ አለ። ብትነግራት ይህች ሴት እሺ አትልም። ማንስ እናት እሺ ይላል? ይህ ግልጽ ነበር። በላቸው ደግሞ በትራስ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አየር እየለቀመ ይጠብቃታል። ይህም ግልጽ ነበር።

«ብርዱን ችለሽ ምን አመጣሽ ታዲያ፣ ሞክሼዬ?»

«ስማችን መዝገብ ላይ ተቀላቅሏል» አለች የሺመቤት። «ባለቤቴ በጽኑ ታሟል። በስሙ መደበላለቅ የተነሳ ሕክምናው ተጓትቶበታል። ሁለታችንም ማዕከሉ ድረስ ቀርበን፣ ሁለት ሰው ነን ብለን ማስመዝገብ አለብን።»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር።

«ውይ፣ እግዜር ይማርልሽ!» አለች ሞክሼዋ ደረቷን ይዛ። ከዚያ ጥቂት አሰበችና ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «ለእኔ ክፉ ነገር የለውም አይደል?»

የሺመቤት በሶውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«የለውም» አለች።

ሰኞ ሞክሼዋ በተባለው ሰዓት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ልጇን ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጎረቤት ትታት መምጣቷ ነበር፤ ጩኸቷ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተከትሎኛል አለች። በብብቷ የያዘችውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አውጥታ ለየሺመቤት ሰጠቻት።

«ለጋሼ ነው። የታመመ ሰው እግሩ ይበርደዋል።»

ዮናታን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በሕግ መነበብ ያለበት ማብራሪያ አለ አለና አንድ ነገር ነካ። ያ የረጋው የሴት ድምፅ አሁን እየተቻኮለ፣ አንዱን ቃል በሌላው ላይ እየጫነ አነበበና ዝም አለ። ሞክሼዋ ትሰማ ይመስል ራሷን ስትነቀንቅ ነበር።

«ገብቶዎታል?» አላት ዮናታን።

ወደ የሺመቤት ዞራ ፈገግ አለች። «ሞክሼዬ ገብቷታል» አለች።

ዮናታን የሺመቤትን አያት። አንድ ነገር እንድትናገር የሚጠብቅ ይመስል ቆየ። የሺመቤት አሻራ የሚሰጥበትን ጥቁር መስተዋት ትመለከት ነበር። ከኋላቸው ያለው ባለጉዳይ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዮናታን እስኪርቢቶውን አንስቶ «ይቀጥሉ» አለ።

የሺመቤት ጣቷን አሳረፈች። «እኔ እሷ አይደለሁም።»

«እኔማ ምን ቆርጦኝ እሷን እሆናለሁ፤ በዕድሜም በልጣኝ፣ በደግነትም በልጣኝ!» አለች ሞክሼዋ እየሳቀች።

«እንደተጻፈው ይበሉት» አላት ዮናታን።

ሞክሼዋ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «እኔ እሷ አይደለሁም።»

የሺመቤት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻት። ሞክሼዋ ቶሎ ለመድረስ ቸኩላ ስለነበር ፊት ፊት ትሄዳለች። መግቢያው ላይ ደርሳ እጇን መስተዋቱ ላይ ብታሳርፍ በሩ አልተከፈተላትም። እጇን አነሳችና መልሳ አሳረፈች፤ አልተከፈተም። ብናኝ ያለበት መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰል» አለች ዞር ብላ።

የሺመቤት እጇን ዘርግታ አሳረፈች። በሩ በዝግታ ተከፈተ፤ «እንኳን ደህና መጡ» አለ። ሙሉ ሰው በቀን አንድ እንግዳ ማሳለፍ ይችላል፤ ክንዷን ይዛ አሳለፈቻት።

«ተመስገን፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች ሞክሼዋ። ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት። ስትሳፈር አጋማሾች ወደሚቆሙበት ጀርባ አላስጠጓትም፤ ባዶዎች የሚቆሙበት ከዕቃ መጫኛው አጠገብ ያለ አጥር ነበር፤ ወደዚያ መሯት። ከአጥሩ ውስጥ ሆና፣ ግራ የገባት ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ፣ እጇን አውለበለበች።

በማግሥቱ ማክሰኞ የበላቸው ወንበር ተዘረጋ። ሐሙስም ተዘረጋ። ቅዳሜ እብጠቱ ጎደለና ጫማው ገባለት። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ አሰኘው፤ እየተራመደ እስከ ደጅ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ጀመረ። የሺመቤት አንሶላዋን ትተኩሳለች። ብርድ ልብሱን ለበላቸው ሳታሳይ ለሥራ ባልደረባዋ ሰጥታዋለች።

ሞክሼዋ ስትደውል በላቸው ምሳ እየበላ ነበር።

«ሞክሼዬ፣ መጡ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ዛሬ ጠዋት መጡ። ባዶ ሆነሻል አሉኝ። ፍራሹን ጨብጣ አልለቅም አለች፤ ከእነ ፍራሹ አነሷት። ከእነ ፍራሹ፣ ሞክሼዬ! ምን አጥፍተን ይሆን? ያን ቀን ስንናገር ስቄ ነበር። ‹እንደተጻፈው በይ› ብሎ ተቆጣኝ እኮ። መሳቄ ይሆን? አንቺ ቢሮውን ታውቂዋለሽ። ምን ይሻለኛል?»

የሺመቤት ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። «አይዞሽ» አለች። «አጣርቼ እነግርሻለሁ።»

ስትመለስ በላቸው ጉርሻውን እንደያዘ ነበር። «ማናት?» አላት።

ዋሽታው አታውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸችውም። የሕፃኗን፣ የዳቦውን፣ «የለውም» ያለችውን፣ የአውቶቡሱን፣ ሁሉንም ነገረችው። በላቸው ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። እግሮቹን ተመለከታቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ፤ እስከ ማታ አንድ ቃል አልወጣውም። በሚቀጥለውም ቀን አላናገራትም። የሺመቤት ከዚህ በኋላ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ይላል ብላ ፈራች፤ ሌላው ልቧ ግን እንዲላት ፈለገ። እምቢ ቢል ተያይዘው ደብረ ብርሃን በሄዱ፤ መሬት ላይ ወድቀው ይቅርታ በጠየቁ። ምን እንደሚያመጣ ባታውቅም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ባደረገ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ በላቸው ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አይረፍድብንም?» አላት።

ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላነሱትም።

ሞክሼዋ ግን መደወሏን አላቆመችም። ቂም የለ፣ ጥርጣሬ የለ። ከፋብሪካው አስወጥተዋታል፤ ቤቱንም ልቀቂ ተብላለች። ስለዚህ ብዙ አታወራም፤ ወሬዋ ሁሉ ፍሬገነት ናት። ማቆያው በሳምንት አንድ ጊዜ በመስታወት ያሳያታል። ሕፃኗ አሁን ማልቀስ ትታለች፤ እናቷ ስትመጣም ወደ መስታወቱ አትቀርብም። አንድ ቀን ግን ድምጿ ውስጥ ተስፋ ነበረበት።

«ሞክሼዬ፣ መንገድ አለ አሉኝ! የሚያውቀኝ ሙሉ ሰው ካለ፣ ጠባዬን መስክሮ ዋስ ከሆነኝ፣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። እኔ ደግሞ ከአንቺ በቀር ሙሉ ሰው አላውቅም። ስልክሽን ልስጣቸው?»

የሺመቤት ከሌላኛው ክፍል የሚሰማውን የበላቸውን የሬዲዮ ድምፅ አዳመጠች። የባዶ ሰው ዋስ የሆነ ሰው ሙሉ ሆኖ እንደማይቆይ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«ስጫቸው» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታ ሳለች ተደወለ። ሰው ነው፤ ሥራ የበዛበት፣ ጨዋ ወንድ።

«ከሕፃናት ማቆያ ነው የምደውለው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መልስዎ በታሪክዎ ላይ እንደሚመዘገብ በቅድሚያ ልገልጽልዎት እወዳለሁ። የሺመቤት ታምሩ የሚባሉ ሴት ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ የሺመቤት ታምሩ።»

«አዎን፣ ስማችሁ አንድ ነው። ሌላዋን ማለቴ ነው። የደብረ ብርሃኗን።»

ከመተኮሻው እንፋሎት እየወጣ ነበር። ባልደረባዋ አንሶላውን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ጫፉን እንድትይዝላት ትጠብቃታለች።

«ሌላ አላውቅም» አለች የሺመቤት።

ሰውየው አመስግኖ ዘጋ። የሺመቤት የአንሶላውን ጫፍ ያዘች፤ ወጥረው፣ አጥፈው፣ ከሌሎቹ ላይ ጫኑት። ሌላ ዘረጉ።

ከሥራ ስትወጣ ስልኳ ጠራ። ሞክሼዋ ነበረች።

«ሞክሼዬ፣ ‹በሰጠሽን ስልክ ደውለን አላገኘናትም፣ የምታውቅሽ ሰው የለችም› አሉኝ። መስመሩ ተሳስቶባቸው ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር አገናኝቷቸው ነው። አንቺን ቢያገኙማ ኖሮ!» ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ እየሮጠች ነበር የምታወራው። «ቢሮው ሳይዘጋ ልድረስባቸው። እንደገና ልስጣቸው አይደል?»

የሺመቤት ከሆቴሉ በር ፊት ቆመች። ሰዎች በግራና በቀኝ እያለፏት ይሄዳሉ።

«ስጫቸው» አለች።